የሰብለ ወንጌል ገጽ

ስልኩ ሲጠራ ሉሊት የሰብለ ወንጌልን ፎቶ ከገጹ ጥግ ወደ መሀል እያስጠጋች ነበር። ወረታ፣ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የአሥራ ሁለተኛ «ለ» ክፍል የመሰናበቻ መጽሔት ተሰናድቶ የሚያልቅበት ቀን ነው። ሉሊት አዘጋጅ ተብላ ከተመረጠች ጀምሮ የክፍሉ ልጆች እየተከተሉ «ፎቶዬን ቀይሪልኝ»፣ «ምኞቴን አስተካክዪልኝ» እያሉ መፈናፈኛ አሳጥተዋታል። ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «የኔታ» ይላል።

የኔታ ዓለምነህ የሰብለ ወንጌል አባት ናቸው። ቄስ ናቸው፤ በደብራቸው ለልጆች ፊደልና ዳዊት ስለሚያስተምሩ ግን ትልቁም ትንሹም «የኔታ» ይላቸዋል። ሰብለ ወንጌልና ሉሊት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ወረታ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ነው የሚኖሩት። የኔታ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ስንቁን ለሁለቱም ነው የሚያመጡት፤ ሲቆጡም ሁለቱንም ነው።

«ሉሊት ልጄ፣ ደኅና ዋልሽ?» አሉ የኔታ። «የዚያችን ስልክ ብሞክር ብሞክር ዝግ ነው ይለኛል። ያ የመፈተኛ ካርድ የምትሉት ደረሳት?»

ሉሊት ከቤቱ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። እሱ እስኪያልፍ ድረስ ለማሰብ ጊዜ ነበራት።

«ደርሷታል፣ የኔታ።»

«ስሟን በዓይንሽ አየሽው? ሰብለና ወንጌል ለየብቻ ነው የሚጻፈው። በስምንተኛ ክፍል አንድ ላይ አጣብቀውት እሱን ለማስለወጥ ስንት ቀን ደጅ ጠናሁ።»

«ለየብቻ ነው የተጻፈው» አለች ሉሊት።

የኔታ በረጅሙ መረቋት። ቅዳሜ ለወላጆች በዓል እንደሚመጡ፣ መስቀላቸውንም ይዘው ተፈታኞቹን እንዲባርኩ ትምህርት ቤቱ እንደጠራቸው ነገሯት። ሉሊት «አሜን፣ አሜን» እያለች ሰማቻቸው። ስልኩ ተዘጋ። ሰብለ ወንጌል የመፈተኛ ካርድ የላትም። የሚደርሳትም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ላይ የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ በሚካሄድበት ሰሞን፣ የሰብለ ወንጌል እናት ይርገዱ ምጥ ጠንቶባት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገባች። የኔታ ከብቶቹንና ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው መክረም ስላልቻሉ አስታማሚዋ ሰብለ ወንጌል ሆነች፤ አሥራ ስድስት ቀን ከእናቷ አልጋ ሥር ተኛች። እናትየዋ ተርፋ፣ ሕፃኑም ደኅና ሆኖ ወረታ ስትመለስ ምዝገባው ተዘግቷል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ደሳለው ማመልከቻ ይዘው ደጋግመው ሞከሩ፤ ጊዜው ስላለፈ አልሆነም። ለቤተሰቧ እንድትነግር መከሯትና እንደነገረች ገመቱ።

እሷ ግን ለማንም አልነገረችም። እንደ ወትሮው ትማራለች፣ እንደ ወትሮው ታጠናለች፤ የሒሳብ ጥያቄ የከበደው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የክፍሉን ቲሸርት ስታዝዝ ከጀርባው የሚጻፈውን ቅጽል ስም እንኳን ሳቅ ብላ መርጣለች። ካርዱ የታደለ ቀን ነው ነገሩ የወጣው። ለክፍሉ «የኔ የስም ስሕተት ስላለበት ለእርማት ተመልሷል» አለች፤ ሁሉም አመናት። ማታ ሉሊት መላልሳ ስትጠይቃት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እውነቱን ነገረቻት። ይኸው ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆነው።

ሉሊት ገጹን ሳትጨርስ ወደ ቤት ሄደች። ሰብለ ወንጌል ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የልጆቹ ስም የሰፈረበትን የድሮ ዩኒፎርሟን ታጥፋለች። የዚያን ሳምንት ሁሉም እርስ በርሱ ዩኒፎርም ላይ ሲፈራረም ነበር የሰነበተው። በእሷ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ደሴ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ «የሒሳብ እናት፣ ዩኒቨርሲቲ እንገናኝ» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎላታል።

«አባትሽ ደወሉ» አለች ሉሊት። «ካርዱ ደርሷታል አልኋቸው።»

ሰብለ ወንጌል የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውስጥ አጠፈች።

«ሰብለ፣ እኔ እሳቸውን ዋሽቼ አላውቅም። ስምሽ ለየብቻ ነው የተጻፈው ብዬ ጨምሬ ዋሸሁ።»

«ቅዳሜን ብቻ እንለፈው፤ ሌላው በኔ ይሁን» አለች ሰብለ ወንጌል። ሐሳቧን ጨርሳ ነበር። ቅዳሜ ከተፈታኞቹ ጋር ተሰልፋ ትባረካለች፤ ስም ጠሪዋ ሉሊት ናት፤ የእሷን ስም ከዝርዝሩ መሀል ብታስገባው ማን ያውቃል? አውቶቡሱ ተፈታኞቹን ይዞ ወደ ጎንደር የሚሄድ ቀን እሷ ሐሙሲት ወዳለችው አክስቷ ትሄዳለች። ውጤት ሲመጣ ደግሞ ወደቅሁ ትላለች።

ሉሊት የሰማችውን ማመን አቃታት። «አንቺ? ወደቅሁ ልትዪ?»

«ወደቅሁ ማለት ይቀለኛል።»

«ከምን ይቀልሻል?»

ሰብለ ወንጌል ዩኒፎርሙን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ የወንድሜን ፊት ባየች ቁጥር የኔን ዓመት እንድታይ አልፈልግም። በኔ ሰበብ ቀረች እያለች ልታሳድገው ነው? ብወድቅ ግን የኔ ስንፍና ነው፤ እሱ የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሉሊት ከጎኗ ተቀመጠችና ሁለቱም መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። አንድ ባጃጅ ነጂ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይታገላል፤ ሰዎች ከኋላው ይገፉለታል። ሉሊት የኔታን አሰበች። ባለፈው ክረምት ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ከገበያ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ መስቀላቸውን ይዘው ከፊቷ ሲቆሙ ዓይናቸውን እንዴት ነው የምታየው?

በመጨረሻ «ነገ የበዓሉን ልምምድ ትቼ ወደ እናንተ ልሄድ ነው» አለች።

«ልትነግሪብኝ?»

«ያንቺን አልናገርም። የራሴን ውሸት ነው የምናገረው፤ በስልክ የነገርሁዎት እውነት አይደለም እላቸዋለሁ። ሌላ አልጨምርም።»

«ያንቺን ተናግረሽ የኔ የት ይደበቃል?»

«እሱን አላውቅም» አለች ሉሊት። «ከመጣሽ ግን አብረን እንሄዳለን።»

በማግሥቱ ዓርብ ጧት ሉሊት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ሰብለ ወንጌል ጫማዋን እያሰረች ነበር። አብረው ወጡ። ደሴ መንገድ ላይ አግኝቷቸው ልምምዱ በሁለት ሰዓት እንደሚጀምር ሲነግራቸውና ሉሊት እንደማትገኝ ስትነግረው፣ «የፎገራ ልጅ ሆነሽ ትፎግሪኛለሽ?» አለ። እየፎገረች አለመሆኗን ከፊቷ አይቶ መንገዱን ለቀቀላቸው።

ባጃጁ የጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ድረስ ወስዶ አወረዳቸው። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ሜዳው ገና በውሃ አልተዋጠም፤ ጥቁሩ አፈር ግን የሰኔን ዝናብ ጠጥቶ ጫማ እየያዘ ያስቀራል። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በየማሳው ድንበር ላይ ሄዱ። በዚህም በዚያም በሬ ይጠመዳል፣ ሩዝ ይዘራል። የሚያውቋቸው ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን እያነሱ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ እየጠየቁ አለፏቸው። አንዲት ሴትዮ ሰብለ ወንጌልን አቅፋ «የኛ ሐኪም» ብላ ሳመቻት። ከዚያ በኋላ ሰብለ ወንጌል አካሄዷ እየዘገየ መጣ፤ ሉሊትም አብራት ዘገየች።

የኔታን ያገኟቸው ማሳው ላይ ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ በግራ ክንዳቸው የዘር እንቅብ ታቅፈው ሩዝ ይበትናሉ። ጎረቤታቸው አቶ አንለይ በበሬ እየተከተሉ አፈር ያለብሱታል። ልጆቹን ሲያዩ ፊታቸው መጀመሪያ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጡ። «ምነው በሥራ ቀን? ደኅና አይደላችሁም?»

ሰብለ ወንጌል የአባቷን ጉልበት ስማ ቀና አለች። ከመንገድ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር እንደነበር ሉሊት ታውቃለች፤ አንዱንም አልተናገረችውም። «አባ፣ ለፈተናው አልተመዘገብሁም» ብቻ አለች።

የኔታ አልገባቸውም። በየካቲት፣ እናቷ ሆስፒታል ሳለች ምዝገባው እንዳለፈ፣ መምህሩ ሞክረው እንዳልተሳካ፣ ካርድ የሚባል እንደሌላት ቀስ እያለች ነገረቻቸው። የኔታ እንቅቡን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ከየካቲት ጀምሮ?»

«አዎ አባ።» ከዚያ ፈጠን ብላ ጨመረች፤ «ሉሊት ግን አታውቅም ነበር። እሷንም ዋሽቻት ነው።»

ሉሊት ዝም ብትል ያልፋል። የኔታ እንደ ድሮው ልጄ ይሏታል፤ ስንቁ ለሁለት ይመጣል፤ ሰብለ ወንጌልም አትቀየማትም፤ ራሷ ናት የሸፈነችላት። የኔታ ወደ እሷ ዞረው አዩአት። የተቆጡ አይመስሉም፤ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«አውቅ ነበር፣ የኔታ» አለች። «ዘጠኝ፣ አሁን አሥር ቀን ሆነኝ። ትናንት በስልክ የነገርሁዎት ውሸት ነው። ካርዱንም አላየሁትም፤ የሚታይ ካርድም የለም።»

አቶ አንለይ በሬዎቹን አቁመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ከጉና ተራራ በኩል የጠቆረ ደመና እየወጣ ነበር፤ የኔታ እሱን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንቅቡን አነሱ።

«ዝናቡ ሳይደርስብን ይቺን ማሳ እንጨርሳት» አሉ።

ጨረሷት። የኔታ ይዘራሉ፣ አቶ አንለይ ያርሳሉ፣ ሁለቱ ልጆች ከኋላ ከኋላ እየሄዱ የአፈሩን ጓል በእንጨት መዶሻ ይከሰክሳሉ፣ የሰርዶውን ሥር እየነቀሉ ወደ ድንበሩ ይወረውራሉ። ሉሊት አባቷ የወረታ ከተማ ነጋዴ ነበሩ እንጂ ገበሬ ስላልነበሩ የመዶሻውን አያያዝ እንኳን በደንብ አታውቀውም፤ መዳፏ ውሃ ቋጠረ። አባቷ ካረፉና እናቷ ወደ ባሕር ዳር ከሄደች ወዲህ ግን በዓል የምታሳልፈው እዚሁ ነውና ሥራውን ሸሽታው አታውቅም። ሰብለ ወንጌል ታለቅስ እንደነበር ያወቀችው ፊቷን በጭቃማ እጇ ጠርጋ ጉንጯ ላይ መስመር ሲቀር ነው።

ቤት ሲደርሱ ይርገዱ ሕፃኑን ውባየሁን ታጠባለች። የኔታ ነገሩን ራሳቸው ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ሰብለ ወንጌል «እኔ ልንገራት» አለችና ነገረቻት። ይርገዱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አላለቀሰችም፤ ደረቷንም አልመታችም። ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችና ለሰብለ ወንጌል ሰጠቻት።

«ያዥው» አለች። «ያኔ ሐኪሞቹ ሲያወጡት መጀመሪያ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ራሴን አላውቅም ነበር።» ቀጠለችና «ዓመትሽ የት እንደሄደ እኔም ልወቅ እንጂ። ከኔ ደብቀሽው እንዴት ላመሰግንሽ ኖሯል?» አለቻት።

ሰብለ ወንጌል ወንድሟን አቅፋ ትከሻው ላይ ፊቷን ደበቀች። በዚያ ቤት ያን ያህል ስታለቅስ ሉሊት አይታት አታውቅም። ይርገዱ ተነስታ ለሉሊት መዳፍ የሚቀባ ቅባት ፈለገችላት።

ሰኔ ጾም ነው፤ የቀረበው ሽሮና ጎመን ነበር። የኔታ ባርከው ሁለት ጊዜ ጎረሱና አቆሙ። ከዚያ ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ነገር አወሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ወርደው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱ ከበዳቸው፤ ረኀቡም ጠናባቸው። ጥለው መጡና ለአባታቸው «መምህሬ አስመረቁኝ» አሉ። አባታቸው ደስ ብሏቸው ለደብሩ ሁሉ አወሩ። የንግሥ ቀን መጣ፤ አለቃው «እስቲ የዛሬውን ቅኔ አዲሱ ባለ ቅኔ ይቀኝልን» አሉ።

«ቆምሁ» አሉ የኔታ። «ምንም የለኝ። አንዲት ቃል የለኝ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል።»

«ከዚያስ፣ አባ?» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ማታ አባቴ ጠራኝ። ይገርፈኛል ብዬ ነበር። ‹ራትህን ብላ፤ ነገ ተመለስ› አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ሄጄ ሦስት ዓመት ተቀመጥሁ።» ልጃቸውን አዩአት። «አንቺ መስከረም ላይ እንደገና ትቀመጫለሽ። እኔን የጎዳኝ የዓመቱ መሄድ አይደለም። አራት ወር ብቻሽን መሸከምሽ ነው።»

ዝናቡ ሲያባራ መንገድ ድረስ ሸኟቸው። ባጃጁ እስኪመጣ ሲጠብቁ የኔታ ወደ ሉሊት ጠጋ አሉ።

«ትናንት በስልክ የመረቅሁሽን ምርቃት ልመልሰው አስቤ ነበር።»

ሉሊት መሬት መሬቱን አየች።

«ትቼዋለሁ» አሉ፤ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ነበር። «ከእንግዲህ ግን ስጠይቅሽ ያየሽውን ንገሪኝ። እኔ በአንቺ ዓይን ነው ወረታን የማያት።»

ቅዳሜ እንደሚመጡ ወይም እንደማይመጡ አልተናገሩም፤ ሉሊትም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ወረታ ሲደርሱ ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነበር። ሉሊት ገጹን ከፈተችና ወንበሩን ለሰብለ ወንጌል ለቀቀችላት። ፎቶዋ አለ፤ «ምኞት» በሚለው ሥር «ሐኪም» ይላል። ሰብለ ወንጌል እሱን አልነካችውም። «የመጨረሻ ቃል» በሚለው ሥር ከሳምንት በፊት የጻፈችውን «ሁላችንም ዩኒቨርሲቲ እንገናኝ» የሚለውን ግን አጠፋችው። ትንሽ አሰበችና በሁለት ጣቷ እየፈለገች ጻፈች፤ «እኔ የሚቀጥለውንም ዓመት እዚሁ ነኝ። ስትመጡ ጠይቁኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ሉሊት። «ሁሉም ያነበዋል።»

«ያንብቡት» አለች ሰብለ ወንጌል፤ ወንበሩንም መለሰችላት።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በወላጅ ሞላ። ከከተማው በሱፍ፣ ከገጠሩ በነጭ ነጠላ የመጣው ሁሉ በክፍል አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ በአረንጓዴ ቲሸርታቸው ላይ ጥቁር ካባ ደርበው ፎቶ ይነሳሳሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ደሴ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ መነጽር አድርጎ ፏ ብሏል። የኔታ ዓለምነህ መጥተው ነበር። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው ከመድረኩ በታች ቆመዋል። ይርገዱም ውባየሁን አዝላ ከወላጆቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ሰብለ ወንጌል ከጎኗ ናት። ቲሸርቷን ለብሳዋለች፤ ካባ ግን አልደረበችም።

ከመጀመሩ በፊት መምህር ደሳለው ሉሊትን ወደ ጥግ ጠሯት። ዝርዝሩን ሰጧትና ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ከፈለገች የሰብለ ወንጌልንም ስም ብትጨምረው እንደማይከፋቸው ነገሯት። አራት ዓመት አብራ የተማረች ልጅ ናት፤ ቡራኬ ደግሞ ካርድ አይጠይቅም አሉ። ሉሊት አመሰገነቻቸው።

መድረኩ ላይ ወጥታ መጥራት ጀመረች። የተጠራው ይወጣል፣ የኔታ ፊት ጎንበስ ይላል፣ መስቀሉን ስሞ፣ ተመርቆ ያልፋል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው። የራሷ ስም ገና ከላይ መጣባት፤ የራስን ስም በማይክሮፎን መጥራት አሳፈራትና ለመጨረሻ አቆየችው። ቀጠለች። «ማናዬ» አለች፤ ማናዬ ወጣች። ቀጥሎ የሰብለ ወንጌል ቦታ ነው። ሉሊት ቀና ብላ ወደ ወላጆቹ አየች። ሰብለ ወንጌል ጠብቃት ኖሮ ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አይሆንም አለቻት። ፊቷ ላይ ኀዘን አለ፤ ፍርሃቱ ግን የለም።

«ሰውመሆን» አለች ሉሊት። ሰውመሆን ወጣ።

ሰብለ ወንጌል ለእያንዳንዱ ስም ታጨበጭብ ነበር። ደሴ የመጨረሻው ሆኖ ወጣና መነጽሩን አውልቆ ተባረከ። ዝርዝሩ አለቀ። የቀረ አንድ ስም ነው። መምህር ደሳለው ማይክሮፎኑን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ሉሊት ግን አልሰጠቻቸውም። ከመድረኩ ጫፍ ድረስ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ወረቀቱንና ማይክሮፎኑን ከወላጆቹ መካከል ወደተቀመጠችው ጓደኛዋ ዘረጋች።

ሰብለ ወንጌል ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ተነሳች፣ መጥታ ተቀበለቻት፤ የሉሊትን ስም ከአባቷ ስም ጋር ጥርት አድርጋ ጠራችው። ሉሊት ከመድረኩ ወርዳ የኔታ ፊት ጎንበስ አለች።